ናሱ አልደከመም

ትናንት የተበላሸውን የሚተካ የናስ ቧንቧ መክፈቻ ይዤ ከገበያ ስመለስ መዳፌን አሸተትኩት፤ ያው ላብ የነካው የናስ ሽታ ነው። እሱ ሽታ ሁልጊዜ ወደ መንዝ፣ ወደ አባቴ ጸናጽል ይመልሰኛል። ተቀመጡማ፣ ላውጋችሁ።

አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። እናቴ እንኳ «መሪጌታ» ነበር የምትላቸው። ጸናጽሉን ከአባታቸው ነው የወረሱት፤ እጀታው ከመያዝ ብዛት ለስልሶ፣ በዘንጎቹ ላይ የተሰኩት ትንንሽ ክብ ናሶች ጠርዛቸው ሳስቶ ነበር። በበጋ ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በአመድ ሲወለውሉት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይዘላል። ቤተ ክርስቲያኑ ከገብስ ማሳችን በላይ ስለሆነ፣ እኔ አረም እያረምኩ እንኳ የጸናጽላቸውን ድምፅ ከሌላው ለይቼ አውቀው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ይማር ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ቤት የቀረሁ ነኝ፤ ለዕረፍት ሲመጣ ግን መጻሕፍቱን ሳላገላብጥ አላድርም፤ ያልገባኝንም እየጠየቅሁ አሰለቸው ነበር። «የሚላክስ አንቺ ነበርሽ» ይለኛል እየሳቀ።

አሥራ አምስት ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ የደብራችን ንግሥ ሲቃረብ፣ ወንድሜ መሐል ሜዳ ከአውቶቡስ ወርዶ በጭቃው በእግሩ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አባቴ ጸናጽሉን አቀበሉት።

«አንተ ስለ ብረት የምትማር፣ እስኪ ይህን እየው። ደክሟል። ያ ይጮህ የነበረው አሁን ያንሾካሽካል። ይህንን ይዤ ንግሥ ልመራ ነው? ነገ ባለእጁ ዘንድ ወስጄ እሳት አስገባዋለሁ። ማጭድስ እሳት ገብቶ ውሃ ሲነከር ይጠና የለም?»

«ኧረ አባባ! ናስ እኮ ነው፤ ማጭድ አይደለም። ናስ እሳት ሲነካው ይለሰልሳል። ጭራሽ ያጠፉታል!»

«ከተማሩ ወዲያ መቆጣት መጣ» አለች እናቴ ምስር እየለቀመች።

ወንድሜ ጸናጽሉን አንሥቶ ነቀነቀው። ቤቱ ሞላ። ያው የማውቀው ድምፅ ነው፤ ምንም አልጎደለውም። ግራ ገብቶት በአባቴ ጀርባ ዞረና ከትከሻቸው ኋላ ደግሞ ነቀነቀው።

አባቴ ወደ ምድጃው እንዳዩ፣ «ምነው፣ ነቅንቀው እንጂ» አሉ።

የወንድሜ እጅ አየር ላይ ቀረ። የእናቴም ጣቶች ምስሩ ውስጥ ቆሙ። እሷ ለካ ቀድማ አውቃለች፤ እሳቸውን ማናገር ስትፈልግ ፊታቸው ድረስ ዞራ የምትመጣው ለዚያ ነበር።

ወንድሜ ፊታቸው ተቀመጠ። የሚያውቀውን መናገር ስላቃተው፣ ስለ ናሱ መናገር ጀመረ፤ ጮክ ብሎ፣ ቀስ እያለ።

«አባባ፣ በናስ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች አሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት ከራሷ ጥቂቱን ለጋራ ትለቃለች፤ የማንም ሳይሆኑ በመሐል ይዞራሉ። ሁሉንም አንድ ላይ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ናሱ ሊያጎብጡት ሲሉ እምቢ ብሎ የሚመለሰው በአብዛኛው በእነሱ ነው። ድምፁም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ሲመታ ጎብጦ ቶሎ ካልተመለሰ አይጮህም።»

«ወንፈል በለኛ!» አሉ አባቴ ደስ ብሏቸው። «እንግዲያው ወንፈለኞቹ አርጅተው ጥለውት ሄደዋል።»

«አይሄዱም፣ አባባ። መዳቡና ዚንኩ ቀልጠው የተደባለቁ ዕለት ልካቸው ተወስኗል። በመነቅነቅ አያልቁም፣ አያረጁም…»

ነገሩ ወዴት እየወሰደው እንደሆነ ያኔ ገባው መሰለኝ።

«አያረጁም?»

«አያረጁም።»

«ናሱ አልደከመም በለኛ።»

ወንድሜ እናቴን አየ፣ እናቴ ምስሯን አየች፣ እኔ የወንድሜን ጭቃ ጫማ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ብረት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ያን ጊዜ ምን ማለት ይገባን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። የመንዝን የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው አናታችን ላይ የሚፈርስ መሰለ። አባቴ ቀና እንኳ አላሉም። ቆይተው ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ፤ ግቢው ላይ የሚፈናጠረውን ውሃ አዩ። ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ። እንደገና ግቢውን።

«ይዘንባል ለካ» አሉ።

ጸናጽሉን ከወንድሜ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ወንድሜ «ደብረ ብርሃን ሐኪም ያይዎት» ሲላቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሄዱም። ሐኪሙ ግን የዕድሜ ነው ከማለት በቀር ያደረገላቸው የለም።

አባቴ ጸናጽሉን በአመድ ወልውለው፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው፣ በማሕሌት ጎናቸው ለሚቆሙት ደብተራ ሰጡ። ንግሡን የመሩትም እኚያው ናቸው። ከዚያ በኋላ አባቴ ገብሱን ከእኔ ጋር ያርሙ ጀመር። ጸናጽሉ ከላይ ሲሰማ ክርናቸውን እነካቸዋለሁ። ቀና ብለው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ድምፁ ሲያበቃ እጄን ከክርናቸው ሳነሣ መልሰው ያደርጉና ማረማቸውን ይቀጥላሉ።