የተደፋው የተራራ ማሰሮ

አክስቴ ሱምፒንግ ባሏ ከሞተ በኋላ የኖረችው ከኪናባሉ ተራራ ሐረግ እያመጣች ቅርጫት በመሥራት ነው። ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ጥርሷ ከምታኝከው ቅጠል የቀላ ሴት ነበረች።

የሩዝ አጨዳ ያለቀ ሰሞን፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ይመስለኛል፣ ወደ ተራራው ይዛኝ ወጣች። መንደሩ ሁሉ የዓመት ቀለቡን ሰሌን ላይ አስጥቶ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ሰብስቢ» አለችኝ። «ተራራው ላይ የሚበቅሉት ማሰሮዎች ውሃቸው ከተደፋ ዝናብ ይመጣል። ሩዙ ሳይደርቅ ከዘነበ ሁለታችንንም ቀቅለው ይበሉናል።»

«አንቺማ አጥንት ብቻ ነሽ፣ አክስቴ።»

«ለሾርባ እሆናለሁ!»

ጉሙ ሲገለጥ አየኋቸው። የተክሉ ቅጠል ከጫፉ ክር ያወጣል፤ ክሩ መሬት ሲደርስ ያብጥና ማሰሮ ይሆናል። ክዳን አለው፤ ከንፈሩ ጥሬ ሥጋ ይመስላል፤ ስፋቱ ጭንቅላቴን ይውጣል። ሸክላ ሠሪ የለ፣ እሳት የለ፣ ማን ሠራው? ፈዝዤ ቀረሁ። አክስቴ ሐረጓን ስትቆርጥ ተንበረከክሁና አንዱን ወደ እኔ ዘንበል አደረግሁት። ውስጡን ለማየት ብቻ ነበር። ጉልበቴ አዳለጠኝና ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ።

አክስቴ ዞረች። ባዶውን ማሰሮ አየች፣ ሰማዩን አየች። «ነይ፣ እንውረድ» አለች።

መንደር ሳንደርስ ዘነበ። እየተሯሯጡ ቢሰበስቡም የሩዙ ግማሽ ራሰ። ሽማግሌው ጊምባንግ መንገድ ላይ ጠበቀን። «ከተራራ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከሁለታችሁ ማን ነው የደፋው?» ሲል ከአክስቴ ጀርባ ተሸሸግሁ።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። «እግሬ ከዳኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ያልከዳሽ እግር?»

«ያንተስ ጥርስ ስንት ዓመት ቆይቶ ከዳህ?»

እንደ ወጋችን፣ የመንደሩን ቁጣ ለማብረድ ያላትን አንድ አሳማ ሰጠች። እስክትሞት «ዝናብ ደፊዋ» ይሏት ነበር። እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ከዝናቡ በማግስቱ የራሰውን ሩዝ ፀሐይ ላይ ስናገላብጥ ጠጋ አለችኝ። ልትመታኝ መስሎኝ ተሸማቀቅሁ።

«ውስጡ ምን ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«አይተሽ አታውቂም እንዴ?»

«ይደፋል ብዬ ስፈራ መቼ አይቼ!»

ነገርኳት። ውሃው ውስጥ ጉንዳኖች ሞተዋል፣ አንዲት አይጥም ፀጉሯ ተገፎ ሞታለች፤ በመካከላቸው ግን እንደ ውሃው የጠሩ ትንንሽ ትሎች ይዋኛሉ። እጇ ሩዙ ላይ ቆመ።

«በዚያ ውሃ ውስጥ? ሳይሞቱ?»

«ሳይሞቱ።»

«እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አለች፤ «ቀስ እያልሽ።»