እግሩ ሥር የሌለው ፍሬን

ተማሪዎቹ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ከመኪና ማሰልጠኛው በር እስከ ፈተናው ሜዳ የሚታወቀው «መምህር ፍሬን» በሚል ቅጽል ነው። ቅጽሉ ደግሞ በከንቱ አልወጣለትም። የማሰልጠኛው መኪና በጋቢናው በኩል፣ አሰልጣኙ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ተጨማሪ ፍሬን አላት። ሰውየው ሃያ ዓመት ያህል እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እግሩን እዚያች ፍሬን ላይ አሳርፎ፣ የሰው ልጅ መሪ ሲይዝ የሚሠራውን ስህተት ሁሉ በእግሩ ሲያስቆም ኖሯል። ልማዱ ቤትም ድረስ ተከትሎታል። ማታ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ዜና አንባቢው ቶሎ ቶሎ ካነበበ፣ ቀኝ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ጫን ያደርጋል።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የቤታቸውን የፊት ክፍል መስታወት ገጥማበት፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አቁማበት ትሠራለች። የሸለቆውን ነገር የሰማችው ከዚያው ወንበር ላይ ነው። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ አንድ ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ከአንዱ አፋፍ እስከ ሌላው ወፍራም የብረት ገመድ ተወጥሮበታል፤ ሰው በቀበቶ ታስሮ፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ወፍ ይሻገራል። ወጣት ደንበኞቿ እዚያ ደርሰው ሲመለሱ ፀጉራቸው በነፋስ ተተብትቦ፣ ቀይ አቧራ ውጦ ይመጣል። ማበጠሪያው አልገባ ሲላት፣

«ሸለቆው ሄደሽ ነበር፣ አይደል?» ትላለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ፀጉርሽ እያወራ ነዋ።»

እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ያላየችውን ሸለቆ በሰው ፀጉር አወቀችው። ከጊዜ በኋላ ግን የሰው ትብትብ መፍታት ብቻውን አላጠገባትም። የራሷም ፀጉር እንዲተበተብ አማራት። ያውም ሰው ጭኗት ሳይሆን ራሷ ነድታ።

መንዳት ያስተምረኛል ብላ መጀመሪያ ባሏ ጎን ተቀምጣ ነበር። ያ ትምህርት ከሰፈራቸው መታጠፊያ አላለፈም። «ፍሪሲዮን፣ ቀስ፣ ቀስ አልኩሽ፣ ስፖኪዮ፣ ወዴት ነው የምታይው» ሲላት ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ያለው ማሰልጠኛ ገብታ ከአንዲት ሴት አሰልጣኝ ተማረች። መንጃ ፈቃዷን ይዛ የመጣች ዕለት መስታወቷ ጥግ ላይ ሰካችው። እሱም አይቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። ድምፁ ግን የጎረቤት ሰርግ ያልተጠራ ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ወንድሟ ሰማያዊ መኪናውን ለአንድ ቀን አዋሳት።

በዋዜማው ምሽት ዕንቁላል እየቀቀለች፣ «አንድ ነገር እንነጋገር» አለችው።

«እንነጋገር።»

«እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ትቀመጣለህ። ስለ ዛፉ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ዘመድ፣ ደስ ያለህን አውራ። ስለ አነዳዴ ግን አንዲት ቃል ካመለጠችህ መኪናውን አቆማለሁ፣ ትወርዳለህ፣ በሚኒባስ ትመጣለህ።»

«እሺ።»

«ቀልድ እንዳይመስልህ። አንዴ ከወረድክ፣ ከዚያ ወዲያ የትም ብሄድ ጋቢናው የእህቴ ነው።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ከከንፈር አላለፈም። እሷ የማታውቀው ነገር ነበር። ሰው መምህር ፍሬንን ሲያየው መኪና የጠገበ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የማሰልጠኛ መኪና ዞራ ዞራ ከተነሳችበት በር ትቆማለች፤ ሰውየው ሃያ ዓመት መኪና ውስጥ ኖሮ የትም ደርሶ አያውቅም። ከሰው ጎን ተቀምጦ ወደ አንድ ቦታ መሄድ፣ ከሚስቱ ጎን ደግሞ ይበልጥ፣ እንደ ልጅ አጓጉቶታል። ያቺን ወንበር ካጣ መልሶ የሚያገኛት አልመሰለውም። ሌሊቱን ጫማውን አልጋው ሥር አዘጋጅቶ ተኛ።

ጠዋት ሲነሱ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ በሳሙና የታጠበ ይመስል ነበር። ከከተማው ሲወጡ አደባባዩ ላይ ማርሽ መቀየር ያለባት ቦታ ላይ ዘገየች። ሞተሩ አጉረመረመ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ቶሎ ብሎ ከፌስታሉ አንድ ዕንቁላል አወጣና እንዳለ አፉ ውስጥ ከተተው።

«ገና ከከተማ ሳንወጣ ራበህ?» አለችው መሪዋን እንደያዘች።

«እምም» አለ ዓይኑ እንባ እያቀረረ።

ሜዳው ላይ ነገሩ ቀለለ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ የታረሰ መሬት ነው፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ ይገባል። እሷ ታንጎራጉራለች። እሱም ስለ ዛፍ አወራ፣ ስለ ደመና አወራ፣ ዘመድ እስኪያልቅበት ስለ ዘመድ አወራ። ቀኝ እግሩ ግን የራሱ ሰው ነው። ፊት ለፊት አህያ ባየ ቁጥር ምንጣፉን ይጫናል።

«እግርህን አየዋለሁ» አለችው።

«እግር ቃል አይናገርም። ስምምነቱ ስለ ቃል ነው።»

ሳቀች። እሱም ደስ አለው። መንገዱ ሊጋመስ ነው፣ ልሸነፍ አይደለም ብሎ ልቡ ሞቀ። ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ልቡ ሲሞቅ ነው መሰለኝ። ወደ ተራራው ግርጌ ሲቃረቡ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ ሊቀድማቸው ወጣ፤ እሷም በዚያው ቅጽበት ከፊቷ ያለውን ጋሪ ለማለፍ ፍሬቻ አበራች።

«ስፖኪዮ!»

አፉን በእጁ ያዘ። ግን ወጥቷል። እሷ የጭነት መኪናውን ቀድማ አይታው ኖሮ ፍሬቻዋን አጥፍታ ጋሪው ኋላ ተረጋግታ እየሄደች ነበር። የጭነት መኪናው አልፎ፣ ጋሪውም ታልፎ፣ አንዲት ትንሽ የገበያ መንደር ስትደርስ ጥላ ያለበት ቦታ መርጣ ቆመች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበች።

«አፌ አምልጦኝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንዲት ቃል ናት እኮ።»

«እኔስ ስንት አልኩ?»

ቁጣ እንኳ ፊቷ ላይ የለም። ይኸው ነው የከበደው። ቢጣሉ ይሻለው ነበር። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ሰማያዊዋ መኪና ፍሬቻ አብርታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ሄደች። የዕንቁላሉ ፌስታል እጁ ላይ መቅረቱን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሸለቆው የሚወጣው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ትንሽ ካየው በኋላ ጥርስ በጥርስ ሆነ።

«መምህር! ምን እግር ጣለዎት?»

አወቀው። በልምምድ ዘመኑ አንዴም በሁለተኛ ማርሽ መሄድ የማይሆንለት፣ ችኩል ተማሪው ነበር። ጋቢናው ላይ የነበረውን ጆንያ ወደ ኋላ አሻግሮ ወንበሩን በእጅጌው ጠረገለት። ተሳፋሪዎቹ ያን ጊዜ ገረማቸው፤ ሁልጊዜ እንደ እብድ የሚነዳው ልጅ ሙሽራ የጫነ ይመስል በእርጋታ ተነሳ።

«በየቀኑ ብትሳፈር ምን አለበት?» አሉ ከኋላ የሽንኩርት ጆንያ ያቀፉ እናት። «ዛሬ ገና አንጀቴ ከቦታው ሳይነቃነቅ ልደርስ ነው።»

መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። ተራራውን እንደ ጥልፍ ክር ወዲያ ወዲህ እያለ ይወጣል፤ ከታች የሚሄድ ከላይ የሚሄደውን ያያል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሾፌሩ በአገጩ ወደ ላይ አመለከተ።

«መምህር፣ ያቺን ሰማያዊ አዩዋት? ኩርባውን እንዴት አድርጋ እንደምትይዘው። የእርስዎ ተማሪ ሳትሆን አትቀርም።»

ቀና ብሎ አየ። ሚስቱ ናት። መኪናዋ ወደ ኩርባው ስትቀርብ ቀደም ብላ ትቀዘቅዛለች፣ ቦታዋን ይዛ ትዞራለች፣ ስትወጣ ጉልበት ትጨምራለች። ሃያ ዓመት የተማሪ እጅና እግር ከስንዝር ርቀት ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ የሚነዳ ሰው ከሩቅ ምን እንደሚመስል አይቶ አያውቅም ነበር። ያምር ነበር።

«የእኔ ተማሪ አይደለችም» አለ። ከዚያ መደበቅ አልቻለም፤ «ሚስቴ ናት።»

የተሳፋሪው ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ታዲያ አንተ እዚህ ከሽንኩርት ጋር ምን ትሠራለህ?» አሉ እናት።

ነገራቸው። ከአደባባዩ ዕንቁላል እስከ «ስፖኪዮ» ድረስ ሳይደብቅ ነገራቸው። ሳቁ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። ዕንቁላሉንም አወጣና አካፈላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ሁሉ የሰማያዊዋ መኪና ዘመድ ሆነ። «ዞረች»፣ «ገና ናት»፣ «ይኸው ወጣች» እያለ አንገቱን በየመስኮቱ አወጣ።

የመጨረሻው ኩርባ ከሁሉም ጠባብ ነው። እሷ ልትገባበት ስትል ከላይ አሸዋ የጫነ መኪና መጣ። ዳገቱ ላይ መቆም ግድ ሆነባት፤ ቆመች። ከኋላዋ ገደል ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ፈተና የሚወድቁት እዚህች ነገር ላይ ነው፤ ዳገት ላይ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ሳይንሸራተቱ መነሳት። የአሸዋው መኪና አለፈ። ሰማያዊዋ አልተነሳችም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ። ከዚያ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሸተት አለች።

መምህር ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ወለሉን ረገጠ።

«መምህር፣ መኪናዬን እንዳይበሱብኝ» አለ ሾፌሩ ዓይኑን ከዳገቱ ሳይነቅል።

መኪናዋ ቆመች። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ብሎ ወርዶ ተሰማ። ከዚያ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ፣ ዘይት እንደተቀባ በር፣ ሽቅብ ሄደች። ሚኒባሱ በጭብጨባ ተናጋ። እሱ ግን አላጨበጨበም፤ ሁለት እጁ ጉልበቱን ጨብጦ ይዞ፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት አብርቶ ነበር።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ መኪናዋን ተደግፋ ቆማ አገኛት። ነፋሱ ሻሿን ነጥቆ ትከሻዋ ላይ ጥሎታል።

«ዕንቁላሉስ?» አለችው።

«አንድ ቀርቷል። ሌላውን ዘመዶችሽ በሉት» አለና ወደ ሚኒባሱ አመለከተ። የሽንኩርቷ እናት እጃቸውን አውለበለቡላት። ማን እንደሆኑ ባታውቅም እሷም አውለበለበች።

ዕንቁላሉን እየላጠች፣ «አየኸኝ?» አለች።

«አየሁሽ።»

«ዳገቷ ላይ ተንሸራተትኩ?» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ንገረኝ፣ እኔ ጠይቄህ ነው። የተጠየቀ አይወርድም።»

«ስንዝር።»

«ስንዝር ብቻ?»

«ስንዝር ብቻ።» ከዚህ በላይ ብዙ ሊል ፈልጎ ነበር፤ ያማረውን ሁሉ። ግን ለእሱ ሙገሳውም ትምህርት እየመሰለ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የዕንቁላሉን ልጣጭ ከእጇ ተቀበላት።

ገመዱ ጋ ስትሠራ ያገኟት ወጣት ሴት ቀበቶውን አሰረችላቸው፤ ሄልሜት አጠለቀችላቸው። ከእግራቸው ሥር ሸለቆው ወርዶ ወርዶ፣ ወንዙ የተጣለ ክር ይመስላል።

«ሁለት ሆናችሁ አብራችሁ መሻገር ትችላላችሁ» አለች። «ከፊት ያለው ምንም አይነካም። ከኋላ ያለው ይህን ጓንት አጥልቆ፣ እዚያ ማዶ ሲቃረብ ገመዱን እየጨበጠ ያቀዘቅዛል።» ወፍራሙን የቆዳ ጓንት ለባልየው ዘረጋችለት።

«ፍሬኑ እሱ ነው ማለት ነው?» አለ።

«እሱ ነው።»

ጓንቱን ተቀበለና አገላበጠው። ከዚያ ለሚስቱ ሰጣት።

ሚስቱ አልተቀበለችውም፤ ፊቱን አየችው። «እርግጠኛ ነህ?»

«ጋቢናዬን መልሺልኝ እንጂ ፍሬኑን አልፈልግም።»

«አንዲት ቃል ካመለጠችህ እዚያ መሃል መውረጃ የለም» አለች። እያለችም እጇን ጓንቱ ውስጥ አስገባች።

ወጣቷ ገፋ አደረገቻቸው። መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋ። ነፋሱ ጆሮውን ሞላው፤ ሸለቆው ወደ ታች ሄደ። ማዶው ያለው አለት እየገዘፈ ወደ ፊቱ መጣ፤ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ለራሱም እንግዳ የሆነበት፣ የልጅነት ዘመኑ የደስታ ጩኸት ነበር። ቀኝ እግሩ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ባዶውን አየር ይረግጣል። ከኋላው ሚስቱ ስትስቅ ይሰማዋል።

«ሰውዬ፣ እግርህ ምን ሆኗል?»

«ተዪው፣ ሥራው ላይ ነው።»

ገመዱ ጓንቱ ውስጥ ሲያፏጭ ተሰማ። ፍጥነታቸው ቀስ በቀስ ለዘበ፤ እንደ ታቀፈ ሕፃን ማዶው ላይ አረፉ።

በመመለሻው ገመድ ተሻግረው መኪናው ጋ ሲደርሱ የሾፌሩን በር ከፍታ ገባች። እሱ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ከውስጥ ተጠምዝዛ የጋቢናውን በር ከፈተችለት።

«እህቴ ዛሬ ሥራ ይዛለች» አለች።

ገባ። ቀኝ ጫማውን አወለቀና ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው፤ ከዚያ እግሩን አጥፎ ጭኑ ሥር ቀበረው። እሷ በስፖኪዮው ራሷን እያየች ነበር። ፀጉሯ ቆሞ፣ ተተብትቦ፣ ቀይ አቧራ ለብሶ ነበር።

«ማበጠሪያ ላውጣልሽ?»

«እንዲሁ ቤት ይግባ» አለችና ሞተሩን አስነሳች።

ቁልቁለቱን ጀመሩ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስትደርስ የእግሩ ጣቶች ከጭኑ ሥር ሆነው አንዴ ጭብጥ አሉ። እሷ መንገዱን እያየች ስለነበር አላየችውም።