ሄልሜቱም ደህና፣ አቮካዶውም ደህና

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ድንጋጤው ግን ዛሬም አቮካዶ ለመቁረጥ ቢላ ባነሳሁ ቁጥር ይመለስብኛል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ለሥራ ወላይታ ሶዶ ተመድቤ መጥቼ እዚሁ አገባሁ። ባለቤቴ እዮብ የሶዶ ልጅ ነው። ብስክሌት ይወዳል ማለት ያንስበታል፤ አንዳንዴ ያገባው እኔን ይሁን ብስክሌቱን ግራ ይገባኛል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማው የብስክሌት ቡድን ተወዳዳሪዎች በውድድር ይመረጡ ነበር። ለዚያ ቀን ሲዘጋጅ ነው የከረመው።

ጠዋት ሰውነቱን ሊያሟሙቅ በሁምቦ መንገድ ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ የአህያ ጋሪ ገባበትና ወደቀ። ጓደኞቹ በባጃጅ ይዘውት መጡ። ክርኑ ከመላጡ በቀር ቁስል የለበትም። ጭንቅላቱ አስፋልቱን መትቶ ነበር፤ ሄልሜቱ ግን ጫር ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም።

«ዛሬ አትወዳደርም» አልኩት።

«ታዲያ ሄልሜቱ ለምን ተገዛ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ክርክሩ ሲበዛ «ቆይ ላሳይሽ» አለ። ሊጠይቁን የመጡት እናቱ ከጓሯቸው ይዘውልን ከመጡት አቮካዶ ትልቁንና የበሰለውን መረጠ። በፎጣ ጠቅልሎ ሄልሜቱ ውስጥ ጥብቅ አድርጎ አሰረውና ከተከራየንበት ፎቅ በረንዳ ላይ ወደ ሲሚንቶው ለቀቀው። ጓ! አለ። ሮጠን ወርደን ስንፈታው አቮካዶው ቆዳው እንኳ አልተሰነጠቀም። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ትንሽ መለስ አለ። እዮብ ልብሱን ሊቀይር ገባ።

አማቴ ነገር ማባከን አይወዱም፤ አቮካዶውን ለምሳ ሊያደርጉት ለሁለት ከፈሉት። መሃል ያለው ፍሬ ከቦታው ተፈናቅሎ አንዱን ጎን ጨፍልቆታል።

«ውጩ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ሞቷል» አሉ።

«ውስጡን ለቄስ ማለት ይሄ ነው» ብዬ ቀለድኩ። በዚያች ቀልዴ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

እዮብ የውድድር ልብሱን ለብሶ፣ ሄልሜቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

«እማ፣ እስቲ አንድ አቮካዶ ስጪኝ። ይቺ ሴትዮ አላምን ብላለች፤ ሄልሜቱን ከፎቅ ጥዬ ላሳያት።»

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ቀልደኛ ነው።

«አሳየኸን እኮ» አልኩት።

«ምኑን?»

ፊቱን አየሁት። ቀልድ የለበትም።

«ታ ናኣው» አሉ እናቱ፤ በወላይትኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «አሁን ጣልከው እኮ! ይኸው፣ እኔ ቆረጥኩት!»

እዮብ አቮካዶውን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ የተላጠ ክርኑን እየነካካ «ይሄ ምን ነክቶኝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኛው ሄልሜቱን ከእጁ ቀማውና ተያይዘን ወደ ሆስፒታል በረርን።

ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን አዩት። የፈሰሰ ደም የለም።

«ሄልሜቱ የራስ ቅሉን አድኖለታል፤ ባያደርገው ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለችን ሐኪሟ። «ውስጥ ያለው አንጎል ግን ተናውጧል። ዛሬውኑ እንደገና ቢወድቅ ኖሮ...» አልጨረሰችውም። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደገፉ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው። የዚያን ጊዜው ምርጫ አመለጠው እንጂ ሐኪሟ ስትፈቅድለት ወደ ብስክሌቱ ተመልሷል። አቮካዶ የጣለበትን ቀን ግን እስካሁን አያስታውሰውም፤ «ተማክራችሁ የፈጠራችሁት ነው» ይለናል።

እኔ ሄልሜቱ ተሰነጠቀ አልተሰነጠቀ ብዬ ማየት ትቻለሁ። ከልምምድ ሲመለስ በሩ ላይ አቆመዋለሁ።

«ጠዋት ምን በላህ?»

«እንደ ፖሊስ ትመረምሪኝ ጀመር?» ብሎ ይናደዳል።

ይናደድ። ቁርሱን በትክክል እስኪነግረኝ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው።