አልጋ አርባ ሁለት

የደርባን ማዘጋጃ ቤትን የቤት አልባዎች መጠለያ አሥራ አንድ ዓመት የያዘችው ማንጉባኔ ናት። እኔ በሩን እጠብቃለሁ፤ ስትቆጣም የምትቆጣው እኔን ነው። አልጋው ሰማንያ፣ ሰዉ መቶ ሃያ። "የተረፈውን የት ላድርገው? ጭንቅላቴ ላይ ልሸከመው?" ትልና ደግሞ ታስገባዋለች።

ሽማግሌ በመዝገብ ስሙ አይጠራም፣ በጎሳው የክብር ስም ነው እንጂ። ይህ የእሷ ደንብ ነው። "ደርባን ሙሉ 'አንተ ሌባ!' ስትለው ኖራለች፤ እዚህ እንኳ የአያቶቹን ስም ይስማ" ትላለች። እኔን ራሴን ጋቼኒ ነው የምትለኝ። እንዲያ የተጠራ ሰው ቀና ይላል።

የአልጋ አርባ ሁለቱ ሽማግሌ ግን ቀና ማለት አያውቅም። መታወቂያ የለውም፤ ኩማሎ ነኝ ብሎ ተመዘገበ። ኩማሎ ከሆነ በክብር ስሙ ምንቱንግዋ ነው። "ምንቱንግዋ!" ስንለው ዝም። ሦስቴ ስንጮህ ይዞራል። "ደንቁሯል" አልኩ እኔ ጅሉ። ማንጉባኔ ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ "ጆሮው ከእኔ ይሻላል" ብላ መለሰችው። እኛም የባሰ እየጮህን ጠራነው።

ብርዱ በበረታ ሰሞን አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች።

"ወንድሜን ፍለጋ ነው። ሴሌ ነው፣ በክብር ስሙ ንዶሲ። ዘጠኝ ዓመቱ ከጠፋ። በሕይወት ካለ ይምጣ፤ ከሞተም ነፍሱን ይዤ ቤት ልግባ፣ እናታችን እንቅልፍ የላትም።"

ማንጉባኔ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት። "ንዶሲ እዚህ የለም፣ እህቴ። ሌላ ቦታ ሞክሪ።"

ሴትዮዋ አመስግና ሄደች። ስልክ ቁጥሯን እንኳ አልተቀበልናትም። ሽማግሌው ያን ሰዓት ጓሮ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

እሷ በሄደች በስምንተኛው ቀን ሽማግሌውን ደረቱን ውጋት ያዘው። አምቡላንስ ጠርተን ስንጠብቅ ማንጉባኔ እጁን ይዛ "አይዞህ፣ ምንቱንግዋ" አለችው።

"ምንቱንግዋ ማነው?" አለ። "እኔ ንዶሲ ነኝ። ኩማሎ ያልኩት እዚህ መውደቄን ቤቶቼ እንዳይሰሙ ብዬ ነው።"

ያንን ተናግሮ እዚያው አልጋው ላይ አረፈ። ማንጉባኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "አፈር ልብላ! በዚህ አፌ የለም አልኳት!"

ከዚያማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። በራዲዮ አስነገረች፣ የታክሲ ተራውን ሁሉ ዞረች፤ ሴሌ የሚባል በየሰፈሩ ሞልቷል። ሴትዮዋ የውሃ ሽታ ሆና ቀረች። ማዘጋጃ ቤቱ ሰላሳ ቀን ጠብቆ ቁጥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው።

በማግስቱ ማንጉባኔ ከአንድ እሾሃማ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጣ መጣች። በእኛ ዘንድ ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ዘመዱ የዚያን ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ የሞተበት ቦታ ይቆማል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ የሚሄዱበትን አገር ይነግረዋል፤ ነፍሱም ቅርንጫፉ ላይ ሆና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ታክሲ ላይም ለቅርንጫፉ የራሱ ወንበር ይከፈልለታል። እሷ ዘመዱ አይደለችም፤ ግን ማን አለው?

አልጋው ራስጌ ቆመች።

"ንዶሲ፣ ተነሥ፣ እንሂድ። ወደ ቤትህ እንግባ፣ ወደ..."

ወደ እኔ ዞረች።

"ጋቼኒ፣ ወዴት ልበለው?"

አገሩን እሱ አልነገረን፤ እህቱንም አልጠየቅናት። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ አልጋው ላይም ከሞተ ወዲህ ሌላ ሰው ይተኛበታል። ቅርንጫፉን ወደ ቢሮዋ ይዛው ገባች፤ አሁንም ከወንበሯ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነው፣ ማንንም አታስቀምጥበትም።