የሰደፍ ጨረታ

ባሌ ሲሞት የተወልኝ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያለች አንዲት የእንጨት ሥራ ቤትና አንድ ሽማግሌ አናጺ ነበር። አናጺው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ ከመላጊያቸው በቀር ለማንም የማይታዘዙ ሰው ነበሩ። ደመወዝ ከፋይዋ እኔ፣ ተቆጪው እሳቸው።

በደርግ ጊዜ የግል ሥራ ቤት መያዝ ጅብ በሚመላለስበት ደጃፍ ሥጋ እንደ መስቀል ነበር። የቀበሌ ሰዎች በመጡ ቁጥር ቤቱን ለእደ ጥበብ ማኅበሩ እንዳስረክብ ይነግሩኛል። የመንግሥት ሥራ የያዘን ቤት ግን አይነኩም። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ለአሮጌ ጠመንጃዎች አዲስ ሰደፍ፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚያርፈውን እንጨት፣ የሚሠራ ተጫራች በጋዜጣ ሲጠራ የከተማው አናጺ ሁሉ መጋዙን ጥሎ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ከማን አንሼ!

ችግሩ ዝርዝር መግለጫው ነበር። ከጠመንጃዎቹ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣውን መጽሐፍ ቃል በቃል ተርጉመውት ኖሮ፣ ሰደፉ "ከዋልነት እንጨት ብቻ" ይሠራ ይላል። ለአናጺው አነበብኩላቸው።

"ዋልነት ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የፈረንጅ ዛፍ ነው፤ እኛ አገር የለም።"

"ታዲያ ሌሎቹ በምን ሊሠሩ ነው?"

በምን እንደሚሠሩማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከእንጦጦ የወረደ እርጥብ ባህር ዛፍ ይጠርቡና እስኪጠቁር የቡና አተላ ይቀቡታል፤ ከዚያ ፖስታቸው ውስጥ "ዋልነት" ብለው ጽፈው ያሽጋሉ። እኛ ግን ባሌ በሕይወት ሳለ ገዝቶ ያደረቀው ጥሩ ዋንዛ ነበረን። አናጺው ናሙናውን በዋንዛ ሠሩ፤ እኔም በፖስታው ውስጥ "ዋንዛ" ብዬ ጻፍኩ።

ፖስታዎቹ በተከፈቱበት ቀን ከተጫራቾቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ነው። የእኔን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ጓዲት፣ እርስዎ የጻፉት ዋንዛ ነው።"

"ዋንዛ ስለሆነ ነዋ።"

"የተጠየቀው ዋልነት ነው።"

"ዋልነት እዚህ አገር የለም። ጠረጴዛው ላይ የደረደራችሁት ባህር ዛፍ ነው። ካላመኑኝ ያሽትቱት።"

ከላምበረት የመጣ አንድ ነጋዴ ሳቀብኝ። መቶ አለቃው ግን የነጋዴውን ናሙና አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቡናው እንደሸተተው ፊቱ ላይ አየሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠውና በእኔ ወረቀት ላይ "ከዝርዝሩ ውጪ" ብሎ ጻፈ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሳስቷል ብሎ የሚፈርም ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ጨረታውን የላምበረቱ ነጋዴ ወሰደ።

ወደ ቤት ስንመለስ አናጺው መንገዱን ሙሉ ወረዱብኝ። "ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም፣ ልጄ?"

"ዝም ባይነቅዝም ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል" አልኳቸው። ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ፀሐይ ሲበረታ ሰደፎቹ ተሰነጠቁ። መቶ አለቃው ስብርባሪውን በፒካፕ ጭኖ ደጃፌ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ቀበሌው ቤቱን በወሩ መጨረሻ እንዳስረክብ ደብዳቤ ሰጥቶኝ ነበር፤ እሱም ሰምቷል።

"በዋንዛ ይሥሩልን፤ ቤትዎን የሚነካ አይኖርም" አለኝ። "ርክክቡ ላይ ግን ዋልነት ብለው ይፈርማሉ።"

"የማላውቀውን እንጨት አልፈርምም።"

"አንዲት ቃል እኮ ናት!"

"እርስዎም አንዲት ቃል ናት ስላሉ ነው እንዲህ ተሰባብሮ የመጣው።"

ፒካፑን አስነስቶ ሄደ። አናጺው በዚያ ቀን ምሳ አልበሉም፤ እኔም አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሶ መጣ። ወረቀቱ ላይ "ዋልነት" ከሚለው አጠገብ በእጅ ጽሑፍ "ወይም ዋንዛ" ተብሎ ተጨምሯል፤ ማኅተምም አርፎበታል። ፈረምኩ። ቤቴ ተረፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሥራውን አስረክበን ጥቂት ወራት እንዳለፉ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበሩት ጎረቤቴ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ "ለእኛ ሲሆን አለቀ፣ በጓሮ ለሚወጣው ግን አያልቅም" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። በሩን የሚጠብቀው የቀበሌው ዘብ ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ ትከሻቸውን መታቸው። አጥንታቸው ሲሰበር ተሰማኝ። ሴትዮዋ ወደቁ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ሰደፉን ነው። የእኛ ዋንዛ ነበር። ተሰንጥቆ እንደሆነ አየሁ፤ አልተሰነጠቀም፤ ደስም አለኝ። ለዚያች አፍታ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

መቶ አለቃው ሁለተኛውን ትእዛዝ ይዞ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። አሁን "ዋንዛ" በታይፕ ተመትቶ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጧል።

"አልሠራም" አልኩት።

"ያሉት ሁሉ ተጽፎልዎት የለም እንዴ?"

"እንጨቱ ልክ ነው። ሰው የሚመታበት መሆኑን ግን አልጻፋችሁም።"

አናጺውን ዞር ብሎ አያቸው፤ እንዲመክሩኝ መሆኑ ነው። እሳቸው መላጊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱ።

ቀበሌው ጊዜ አላባከነም። በሳምንቱ ቁልፉን ለማስረከብ ቀበሌ ስሄድ በሩ ላይ የቆመው ያው ዘብ ነበር። እጁን ዘረጋልኝ።

"ሰደፉ እንዴት ነው?" አልኩት።

ጠመንጃውን ቁልቁል አየው። "ጠንካራ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያሠራሁት" አልኩና ቁልፉን መዳፉ ላይ ጣልኩለት። "ሌላ ግን ከእኔ አታገኙም።"