ሳይጠየቅ የፈረሰው ጋጣ

አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲክቡ የኖሩት አያ ይሻው ጌጡ ለራሳቸው ከአንዲት ክፍል በላይ ያልሠሩት ለምንድን ነው? ጎረቤቱ ጠይቋቸዋል፤ የንስሐ አባታቸው ጠይቀዋቸዋል። እሳቸውም አንዳንድ ቀን አመሻሹ ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው፣ በየአቅጣጫው በገዛ እጃቸው የቆሙትን ቤቶች እያዩ ራሳቸውን ጠይቀዋል። ጊዜ አጣሁ እንዳይሉ፣ ለሰው ሳይሠሩ የሚውሉበት ቀን ከወሩ ብዙ ነው። ድንጋይ አጣሁ እንዳይሉ፣ ድንጋይ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው።

ቤቷ ከአባታቸው የወረሷት ናት፤ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወጣው መንገድ ዳር። ሁለት በር አላት፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ጓሮው። ጓሮው ውስጥ የአባታቸው በቅሎ ታድርበት የነበረች ጋጣ ነበረች። በቅሎዋ ከሞተች ወዲህ ዶሮና የተሰበረ አካፋ ነበር የሚያድርባት።

ግንቦት እንደገባ እህታቸው ዝናሽ ከእብናት ደወለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው በኪራይ ነው።

«አያ፣ አከራዬ ክፍሉን ለልጁ ፈልጎታል። እስከ ሰኔ ሚካኤል ልቀቂ ብሎኛል።»

«ነይ እንግዲህ። ቤት አለ አይደለም ወይ?»

«በአንዲት ክፍል ውስጥ? አንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፉ እኔ ጣራ ልቆጥር?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ። «የራሴ በር ይኑረኝ፣ አያ። ክፍሏ ትጥበብ ግድ የለኝም፤ በሯን ግን የምዘጋት እኔ ልሁን። በዚህ ዕድሜዬ የማንም ደባል አልሆንም። ካልሆነም እዚሁ ወድቄ እቀራለሁ።»

እንደማትዋሽ ያውቃሉ። በማግስቱ ማለዳ መዶሻቸውን ይዘው ወደ ጋጣዋ ወጡ።

የአያ ይሻው አሠራር የታወቀ ነው። መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳሉ። ከዚያ ድንጋዩን ይለያሉ፤ የማዕዘኑ ለብቻ፣ የፊቱ ለብቻ፣ ለመሐል መሙያ የሚሆነው ለብቻ። ክምሩን ዞረው አይተው ስንት ክንድ ግድግዳ እንደሚያስኬድ ሲገባቸው ነው ስለ አዲሱ የሚያስቡት። ሌላ ግንበኛ ወረቀት ላይ የሚሥለውን እሳቸው ከክምሩ ያነቡታል። በሦስት ቀን ጋጣዋ መሬት ሆነች። ጭቃውንም ከጭድ ጋር አቡክተው እንዲሰነብት ሸፍነው ተዉት። ፈቃድ የሚባለው ለመሥራት ብቻ ሳይሆን ለማፍረስም ይጠየቃል ብሎ የነገራቸው ሰው የለም፤ ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ማዘጋጃ ቤት የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቀን መብራት የለም ተባሉ። በሁለተኛው ቀን ባለሙያዎቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ወረፋው ሳይደርሳቸው ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ከምሳም በኋላ ስማቸው አልተጠራም። በአራተኛው ቀን ፎቁን በሁለት ጊዜ እረፍት ወጥተው ቃልኪዳን የምትባል ወጣት ባለሙያ ፊት ተቀመጡ። ልጅቱ የከተማውን ፕላን ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ የእርስዎ ቤት ይቺ ናት።»

«ይቺ ቀይዋ? ማን ቀባት?»

«ፕላኑ ነው። ቀዩ ቅይጥ ንግድ ማለት ነው። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ።»

«እኔ የምሸጠው የለኝም።»

«ገብቶኛል። ይዞታው የእርስዎ ነው፣ ማንም አይወስድብዎትም። እላዩ ላይ ምን ዓይነት ቤት ይቁም የሚለውን ግን የሚወስነው ፕላኑ ነው። በዚህ መስመር አዲስ ግንባታ ከተባለ ቢያንስ ባለ አንድ ፎቅ መሆን አለበት። በጭቃ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም።»

«ፎቅ ማን ጠየቀ፣ ልጄ? ለእህቴ ማደሪያ ነው። የጋጣዋን ያህል፣ ከዚያ አትበልጥም።»

ቃልኪዳን ፋይሉን ገለጠች። ፊቷ ፈካ አለ። «ጋጣዋማ ተመዝግባለች። ሰርቪስ ተብላ፣ ልኳም ተጽፏል። ነባር ቤት ሳይሰፋ፣ ሳይረዝም፣ በነበረበት ልክ ማደስ ይቻላል። መሐንዲስ እልክልዎታለሁ፣ አይቶ ይፈርማል።»

«ምን ያያል? አፍርሼ ድንጋዩን ለይቼ ጨርሻለሁ እኮ!» አሉ አያ ይሻው፣ ሥራ እንዳቀለሉላት ሁሉ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወይኔ፣ አባባ! ቆማ ቢሆን እድሳት ነበር። አሁን መሐንዲሱ የሚያገኘው ባዶ መሬት ነው። ባዶ መሬት ላይ የሚቆም ሁሉ አዲስ ግንባታ ነው።»

«ድንጋዩ እኮ ያው ነው። አንድም አልጎደለም።»

«እኛ የምንመዘግበው ቤት ነው፣ አባባ። ድንጋይ አንመዘግብም።»

ደረጃውን ሲወርዱ አራት ጊዜ አረፉ።

ሃያ ዓመት ጭቃ ሲያቦካላቸው የኖረው ሙላቴ ነገሩን ሰምቶ እየሳቀ መጣ። በክምሩ ላይ ተቀምጦ፣ «አንተ ይሻው፣ የሰው ቤት ስታፈርስ ኖረህ ዞረህ የራስህን በላሃት!» አለ።

«ተነሥ ከድንጋዬ ላይ።»

«ስማኝማ። አንድ ሌሊት ነው። አንተ ትክባለህ፣ እኔ አቀብላለሁ፣ ሲነጋ ቆርቆሮ ለብሳ ትገኛለች። የጨረቃ ቤት በዚህ አገር አዲስ ነገር ነው? ድሮም የነበረች ናት እንላለን።»

አያ ይሻው በአንድ ሌሊት እንደሚያቆሟት ያውቃሉ፤ እጃቸው አልረሳውም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ምስኪን ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሠርተው ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደንብ አስከባሪዎች ሲያፈርሱት በዚያ ሲያልፉ አይተዋል። ከሁሉ ያልረሱት ብርድ ልብሱን ነው፤ ገና ሳይነሣ በግድግዳው ስባሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የሠራው ማነው ብሎ ግን የጠየቀ አልነበረም።

«ዝናሽን በክረምት ከነአልጋዋ ሲያወጧት ልመለከት?» አሉ በመጨረሻ። «ተወኝ፣ ሙላቴ። ደክሞኛል።»

«እና ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

አያ ይሻው ወደ ቤት ገብተው በክፍሏ መሐል ቆሙ። የመንገዱን በር አዩ። ዞረው የጓሮውን በር አዩ። የክፍሏን ወርድ በአራት እርምጃ ለኩና ቁጭ አሉ።

በነጋታው እንደገና ያን ፎቅ ወጡ። ቃልኪዳን ስታያቸው ደነገጠች፤ ሊለምኗት የመጡ መስሏታል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የቆመ ቤት ከውስጥ ለሁለት ቢከፈል ፕላኑ ያየዋል?»

«ከውጭ ምንም ሳይነካ? አዲስ በር፣ አዲስ መስኮት ሳይከፈት?»

«ሁለት በር አለው። ከዱሮውም አለው።»

ትንሽ አሰበችና ደንቡን ገለጠች፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አነበበችላቸው። ቀላል የውስጥ መከፋፈያ ከሆነ ፈቃድ አያሻውም፤ በድንጋይ የተገነባ ከባድ ግድግዳ ከሆነ ግን ያሻዋል።

«ከእንጨትና ከጭቃ?»

«ይችላሉ።»

«ከድንጋይ መደብስ ብሠራላት? ለመተኛ።»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «መደብ ዕቃ ነው፣ አባባ። ፕላን የለውም።»

አያ ይሻው የማገር ግድግዳ ይንቃሉ። ነፋስ የሚሰማው ግድግዳ ነው ይሉታል። አሁን ግን የባሕር ዛፍ አጣናውን አንድ በአንድ በቱንቢ እያስተካከሉ አቆሙ። ለድንጋይ ቤት ያቦኩትን ጭቃ ያንኑ መረጉት። ሙላቴ እያቀበለ፣ «ግንበኛው መራጊ ሆነ! ሰው ሳያይህ በሩን ልዝጋው?» ይላቸዋል፤ የእሳቸው ትንፋሽ አጥሯል። ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ከጋጣዋ ድንጋይ የማዕዘኑን፣ የተጠረበውን መርጠው አስገቡና በመንገዱ በር በኩል መደብ ሠሩ። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃ ልኩ ሲጋደምበት አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። የተረፈው ድንጋይ ጓሮ ውስጥ እንደተለየ፣ እንደተከመረ ቀረ።

ዝናሽ ከሰኔ ሚካኤል ሁለት ቀን አስቀድማ መጣች፤ ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። ዕቃዋን ሳታወርድ የመንገዱን በር ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። መደቡ ላይ ተቀምጣ እጇን በድንጋዩ ጠርዝ ላይ አሳለፈች።

«የበቅሎዋ ጋጣ ድንጋይ ነው?»

«ነው።»

«እንግዲህ በቅሎዋ እኔ ሆንሁ!» አለች። ቀጥላም ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ይሄ ግን ማንኮራፋት አያስቆምም፣ አያ። ለመሆኑ አንቱ በየት ሊገቡ ነው?»

«በጓሮ።»

ደጃፉ ላይ ወደቆሙት ቀና ብላ አየች። አርባ ዓመት የገቡበትን በር እንደሰጧት የገባት ያን ጊዜ ነው። ተነሥታ በሩን ከውስጥ ሸጎረችው። አያ ይሻው ውጭ ቀሩ።

የመሸጎሪያውን ድምፅ ሰሙ። ከዚያ ቤታቸውን ዞረው፣ የድንጋዩን ክምር አልፈው በጓሮ ገቡ። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጋደም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሮ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ዝናሽ ዕቃዋን ስትደረድር ይሰማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሱም አልተሰማቸውም። ገና ቀን ነበር፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።