ከቢሮ በፊት የሚያልቅ ዳገት

ሰቆጣ ተቀምጦ «ዳገት ፈልጌ አጣሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ እኔም እስቅበት ነበር። ከከተማው በየትም በኩል ብትወጣ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ሜዳ የምንለው የእግር ኳሱን ሜዳ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን አንደኛው ጎል ዝቅ ይላል። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ዳገት ፈልጌ አጣሁ።

ነገሩ የጀመረው ሆስፒታል ነው። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አየና ስኳሬ ከፍ ማለቱን ነገረኝ። ስድስት ወር ሰጠኝ፤ እስከዚያ ካልወረደ ወደ መርፌ እንደምንገባ አስጠነቀቀኝ። እኔ መርፌውን አልፈራሁም። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው፤ መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻ እሱን ራሱን። እግሩ የተቆረጠ ለት «ግራውን ጫማ ለሚፈልገው ስጡልኝ» ሲል የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሐኪሙ ሲናገር እኔ የማየው የራሴን እግር ነበር።

ጉልበቴ ስለማያስሮጠኝ ብስክሌት ንዳ ተባልኩ። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ያውም ዳገት። «ሜዳ ላይ ቢነዱ ቁጭ ከማለት ብዙም አይሻልም፤ ልብዎ መምታት አለበት» አለኝ። እሺ አልኩ። ቀጭን ጎማ ያላት አሮጌ ብስክሌት ከደሴ በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስመጣሁ። ቢሮ የምገባው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ብወጣ፣ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል፣ ገላ መታጠብ፣ ሻይ፣ ሥራ። የፈለግሁት ይኼንኑ ያህል ነው። ባሕር ክፈሉልኝ አላልኩም።

ምክር ፍለጋ ገበያው መሃል ወዳለው የሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ሳሙናም፣ ሚስማርም፣ የጎማ ማጣበቂያም ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው ጨው በአህያ ጭነው ያልረገጡት የዋግ መንደር የለም።

«ሐጂ፣ አጭር ሆኖ ዳገት የሆነ የመኪና መንገድ ይጠቁሙኝ» አልኳቸው።

«ዳገት? ሰው ዳገት ይሸሻል እንጂ ይፈልጋል እንዴ? ወደ ወንዙ ያለው ለጥ ያለ ነው፤ ምነው ራስህን ጠላህ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረ ሁሉ መከረኝ። አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወደ እርሻው፣ ሁሉም ወደ ሜዳ። የሐኪም ትእዛዝ ነው ብዬ ባስረዳም አዘኑልኝና የባሰ ሜዳ ፈለጉልኝ። በመጨረሻ ከሰሃላ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ በአገጩ ወደ አንድ ጋራ አመለከተና «ከዚያ ጀርባ ደህና ዳገት አለች። ቅርብ ናት፣ ይችውና» አለኝ።

የሰሃላ ሰው «ቅርብ ናት» ሲል ማመን አልነበረብኝም። እሱ ገበያ ለመድረስ ከትናንት ጀምሮ የተጓዘ ሰው ነው፤ በእሱ እግር ሲለካ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። በማግስቱ ዳገቷን ሳላያት አንድ ሰዓት ተኩል ነዳሁ። ቢሮ የደረስኩት አራት ሰዓት ላይ፣ ቅንድቤ ድረስ አቧራ ለብሼ ነው። አለቃዬ ሰዓቱን አይቶ «እንኳን ደህና ገባህ» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥዬ በወልድያ በኩል የሚወጣውን ሞከርኩ። እሱ እንኳ ዳገት ነው፣ ቅርብም ነው። ግን መንገደኛው አላስነካኝም። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ላቤ ሲንጠባጠብ አይቶ ቆመና፣ አፌን ሳልከፍት ረዳቱ ብስክሌቴን ከእህል ጆንያ በላይ ሰቀላት። «አይዞህ አባቴ፣ ዳገቷን እናሻግርሃለን!» ለምኜ አስወረድኳት። በሌላ ቀን ወደ ከተማ የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ሸክማቸውን መንገድ ዳር አስቀምጠው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ከኋላ እየገፉ አናቱ ላይ አደረሱኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ኧረ ተዉኝ ብል «ችግር የለም» ይላሉ። እነሱ በላብ ተጠምቀዋል፣ እኔ ደርቄያለሁ። የእነሱ ስኳር ሳይወርድ አልቀረም።

ሦስተኛው መንገድ ደብር ይበዛበታል። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ሲያገኝም ይወርዳል፣ አስከሬን ሲገጥመውም ይወርዳል። ይህ በብስክሌትም ይሠራል ወይ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም፤ አንድ ቄስ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ሲያዩኝ መልሱን አወቅሁት። ወረድኩ፣ ተሳለምኩ፣ ወጣሁ። ትንሽ ሄድ ስል ሽማግሌ፤ ወረድኩ። እንዴት አደሩ፣ ደህና አደሩ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ደግሞ እንዴት አደሩ። ልቤ መምታት ሊጀምር ሲል ሰላምታ ይመጣና ያሳርፋታል። በዚያች አጭር ዳገት ላይ ከብስክሌቷ ይልቅ መሬት ላይ የቆምኩበት ጊዜ ይበልጣል።

በሁለተኛው ወር ስለካ ስኳሬ እዚያው ነው። ንቅንቅ አላለም። ቤት ገብቼ ካልሲዬን አወለቅሁና ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካኋቸው። ፈራሁ። ደግሞም ተናደድኩ፤ በዚህ ሁሉ ተራራ መሃል፣ ለእኔ ግማሽ ሰዓት የምትሆን ጠፍታ!

ያገኘኋት ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥላ ወደ አንድ መንደር ጤና ኬላ የምትወጣ፣ በቅርቡ የተዳመጠች ጠባብ መንገድ። ቀጥ ያለች ዳገት ናት። መንደሩ አናቷ ላይ ነው፤ ከመጨረሻዋ ቤት በኋላ ወደ ጤና ኬላው የባሰ ቀጥ ትላለች። እኔ እዚያ ስደርስ ትንፋሼ ስለሚያልቅ ከዚያች ቤት ደጃፍ ላይ ዞሬ እወርዳለሁ። ሽቅብ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ቁልቁል አሥር።

ከሁሉ የሚገርመው፣ ማንም አይነካኝም። የሚገፋ የለም፣ የሚጭን የለም፣ ሰላም የሚልም የለም። ሰዎቹ ሲያዩኝ ከመንገድ ወጣ ብለው ዝም ይላሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እረግጣለሁ። መጀመሪያ ምን ዓይነት ባለጌ መንደር ነው ብዬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እግዜር ይስጣቸው አልኩ። በመጨረሻዋ ቤት አንዲት አሮጊት ከአጥሩ አጠገብ ይቆማሉ። አያናግሩኝም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ማለዳ ፀሐይ ሊሞቁ የወጡ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተመላለስኩ። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገባ አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አንድ የገበያ ቀን ብስክሌቴን የሐጂ ሱቅ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ስገባ፣ ጨው የሚያስመዝን ገበሬ አያትና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይች የማን ናት?»

«የኔ ናት።»

ጨዉን ትቶ ወደ እኔ መጣ። «እባክህ ወንድሜ፣ ወይ ንገራት ወይ ተዋት! በየቀኑ አትግደላት!»

ምን እንደሚል አልገባኝም። ሲያስረዳኝ ግን የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው የዚያው የዳገቱ መንደር ሰው ነው። የአሮጊቷ አንድ ልጅ በጦርነቱ ጊዜ ወጥቶ፣ ይኑር ይሙት ሳይታወቅ ዓመታት አልፈዋል። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ። ሲነጋጋ እየተጣደፈ የሚመጣ፣ አንገቱን የደፋ፣ ሰላም የማይል እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል። እኔ ደግሞ በየማለዳው ሽቅብ እያለከለክሁ እሳቸው ደጃፍ ድረስ እመጣለሁ፣ ቆም እላለሁ፣ ዞሬ እሄዳለሁ። መንደሩ የደረሰበት ፍርድ መርዶው በእጄ ነው፣ ለመናገር ግን አንጀቴ እምቢ ብሎኛል የሚል ነው። ጎረቤቶቻቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ በየተራ እሳቸው ዘንድ ያድሩ ነበር። ለለቅሶው ጌሾ ሳይቀር ተወቅጧል።

«ሰው ስፖርት እንኳ መሥራት አይችልም እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ላይ እንደጮህኩ አላውቅም። እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ከማንም በፊት ሊገባኝ ይገባ ነበር።

አሁኑኑ ሦስታችን ሄደን እንንገራቸው አልኩ። ሐጂ ሚዛኑን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ሦስት ወንዶች ተሰልፈን ደጇ ከደረስን እኛው ገደልናት። ብቻህን ሂድ። ከሰዓት በኋላ ይሁን። ብስክሌትህን እየገፋህ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ሰላም እያልክ፣ እየሳቅህ።»

እንዳሉት በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ፣ እንደ ጅል እየሳቅሁ፣ ለሰውም ለውሻም ሰላምታ እየሰጠሁ ያንን ዳገት ወጣሁ። አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ። ከሩቅ ነው የጮህኩት።

«እናቴ፣ ምንም አልያዝኩም! ስኳር አለብኝ፤ ለጤናዬ ነው የምነዳው!»

ቀረብ ብዬ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ አባቴ እግር ነገርኳቸው፤ ሱሪዬን ሰብስቤ የራሴን እግር ሁሉ አሳየኋቸው። የሚያምኑኝ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ስናገር ነው ብዬ እንደገና በኽምጣና ነገርኳቸው። እግሬን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ታዲያ ለኔ ምንም አልያዝክም?»

«ምንም። ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ እዚህ ድርሽ አልልም፤ ሌላ ዳገት እፈልጋለሁ።»

ሌላ ዳገት እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሮጊቷ አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አይሆንም፣ ትመጣለህ» አሉኝ። «በየማለዳው ትመጣለህ። ብቻ ከደጄ አትዙር። አልፈኸኝ ሂድ። አንተ አልፈኸኝ የሄድክ ለት እኔ ልጄ አለ ብዬ እውላለሁ።»

«እንዴት አደሩ ብዬስ?»

«እንዴት አደሩም አትበለኝ። እንዳትቆም። እለፍ ብቻ።»

ከማግስቱ ጀምሮ እንዳሉት አደረግሁ። ከደጃፋቸው በላይ ያለችው ያቺ የሸሸኋት ቁራጭ ዳገት ሳንባዬን ታወጣዋለች፤ እየተሳደብኩ ነው የምወጣት። ዝናብ ሲሆን እሄዳለሁ፣ ጉልበቴ ሲያብጥ እሄዳለሁ፣ እሑድም እሄዳለሁ። መንደሩ አሁን ሰላም ይለኛል፣ አንዳንዱም ይገፋኛል፤ እቆጣለሁ። እሳቸው ደጃፍ ስደርስ ግን ሁሉም ዝም ይላል፣ እኔም ፊቴን ሳላዞር አልፋለሁ። ከኋላዬ «ተመስገን» ሲሉ እሰማለሁ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። ስኳሬ ወርዷል፤ መርፌ አያስፈልገኝም፣ እግሬም ደህና ነው። ከመቀመጫው ተነስቶ ጨበጠኝ።

«ጎበዝ ነዎት! እንግዲህ ራስዎን አያድክሙ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዎታል» አለኝ።

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ንዴቴ የመጣው በሩ ላይ ስደርስ ነው። በቀሩት አራት ቀናትስ የአሮጊቷ ልጅ ምን ይሁን?